የሪሀናን ወፎች ማን ያያቸዋል?

ሻርጃ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሟቹ ባለቤቴ ወንድም፣ ለጋሽ ረጀብ፤ ከሚሴ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፣ ጣትዎን ከመጋዝ ይጠብቅልኝ። ባለቤትዎ ዙቤይዳስ እንዴት ናት? ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃ ባየች ቁጥር ታማርራለች? እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ማዳሜ አርጅታ ስሜን በየቀኑ ብትረሳውም ክፉ ሰው አይደለችም።

ደብዳቤ የጻፍኩት ወድጄ ነው። በስልክማ «ደህና ናችሁ? ደህና ነን! ኧረ አይሰማም!» ስንባባል መስመሩ ይቋረጣል፤ ልናገር ያሰብኩት ሁሉ ሆዴ ውስጥ ይቀራል። የጨፋ ሮቢቷ ፋኢዛ ለእረፍት ወደ አገር ስትገባ አግኝቼ በእሷ እጅ ልኬያለሁ።

እንግዲህ ልጄ ሪሀና ወፍ አምሯታል። የማዳም ባል በሕይወት ሳለ ድንቢጥ ያረባ ነበር፤ ሲሞት አንድ ክፍል ሙሉ ወፍ እኔ ትከሻ ላይ ወደቀ። መጀመሪያ ረገምኳቸው፤ አሁን ግን ከሰው ይልቅ የእነሱን ጠባይ አውቃለሁ። ለሪሀና በስልክ ሳሳያት «እማ፣ እኔም እኮ ማርባት እችላለሁ» አለችኝ። አባቷ ከሞተ፣ እኔም ከተሰደድኩ ወዲህ የለመነችኝ ነገር ይህ ብቻ ነው። የሰፈራችን ሹፌር ጀሚል በሚኒባሱ ከአዲስ አበባ ሁለት ወንድ ሁለት ሴት ያመጣላታል። ቤታቸውን መሥራት የአንቱ ነው።

ቁመት አይስጡት፣ ርዝመት ይስጡት፤ ድንቢጥ የሚበረው ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ አይደለም። ሽቦው ጣት የማያስገባ ይሁን፣ እባብ አለና። መሐሉ ላይ የሚመዘዝ ሳንቃ ያድርጉለት፤ በኋላ ጥንዶቹን የምንለየው በእሱ ነው። ለጎጆ ትንንሽ ሳጥን ይሥሩላቸው፣ ፊቱ ግማሽ ክፍት። ነፋስ ከማይመታው፣ ፀሐይ ከማያነደው ቦታ ይሰቀል። ከሁሉ በላይ ግን ማን ከማን እንደሚሆን እናንተ አትወስኑ። አራቱንም አብራችሁ ልቀቁና ተመልከቱ። ተጠጋግተው የሚቀመጡት፣ አንዱ የአንዱን አንገት የሚያበጥረው፣ ጥንዶቹ እነሱ ናቸው። ያልመረጠችውን ወንድ ከሰጧት እንቁላል ትጥላለች እንጂ አትታቀፍም። እኔ እዚህ ሞክሬ፣ አይቼ፣ አዝኜበታለሁ።

ሌላው ያው የምታውቁት አደራዬ ነው። ስሄድ በሽማግሌዎች ፊት ፋቲሓ ቀርተን፣ ዱዓ አድርገን ቃል ሰጥተውኛል፦ ሪሀና አስራ ሁለተኛን ሳትጨርስ፣ እኔም ሳልመለስ፣ የባል ወሬ በደጃችን አያልፍም። አባቷ ከሌለ ወሊይዋ፣ ዳሪዋ አንቱ ነዎት፤ ኒካሕ ቢታሰርም በአንቱ እጅ ነው፣ ባይታሰርም በአንቱ እጅ። እኔ እናት ብሆን ከመለመን በቀር ምን አቅም አለኝ? ገና አስረኛ ክፍል ናት፤ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ተጠራጥሬ አይደለም፤ አደራ ጥብቅ ስለሆነ ነው።

ከዱዓዎ አይርሱኝ።
ሰዒዳ


ከሚሴ፣ ኅዳር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰዒዳ፣ ለሪሀና እናት።

ወዐለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አካም ጅርታ? ነጋ? እኛ አልሐምዱሊላህ፤ ዙቤይዳም ጉልበቷን እያማረረች እኔንም እያማረረች አለች። ማዳምሽንም አላህ ስምሽን ያስታውሳት።

ስሚ እንግዲህ። እኔ ረጀብ በሠራሁት አልጋ ላይ ግማሹ ከሚሴ ተወልዷል፤ የወፍ ቤት ያቅተኛል? ደብዳቤሽን አንብቤ እስክጨርስ እንኳ አልጠበቅኩም፤ ከዋንዛ ጣውላ ቆንጆ አድርጌ አቆምኩት፣ ቁመቱ እኔን ያክላል። ልጅሽ መጥታ አየችውና እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «አጎቴ፣ የምናስገባው ወፍ ነው ወይስ አዛን የሚል ሙአዚን?» አትለኝ መሰለሽ! ዙቤይዳ ስትስቅ ጉልበቷንም ረሳችው። በኋላ በጎኑ አጋደምነውና ልክ ያልሽው ሆነ። ሳንቃውንም አስገባሁለት፤ እንደ መሳቢያ ሸርተት ይላል፣ ብታይው ትኮሪብኛለሽ።

ጀሚል ወፎቹን በካርቶን አመጣቸው። ሪሀና ጤፍና ዳጉሳ ቀላቅላ ታበላቸዋለች፣ የእንቁላል ቅርፊት ትወቅጥላቸዋለች፣ ለጎጆ ደግሞ ደረቅ የጨፋ ሳር አስመጣች። እኔን አታስጠጋኝም፤ «እጅዎ ቫርኒሽ ይሸታል» ነው መልሷ። ከትምህርት ቤት ስትመጣ ደብተሯን ሳታስቀምጥ እነሱ ፊት ትቆማለች።

አንደኛው ወንድ ትልቅ ነው፣ ደረቱ ሰፊ፣ ሲዘፍን መንደሩን ያነቃል። ሌላው ትንሽ ነው፣ አንድ እግሩ ያነክሳል። እኔ ለነጠብጣቧ ሴት ትልቁን አጭቼላት ነበር። እሷ እቴ! ሲጠጋት በምንቃሯ አንገቱን ብላ አባረረችውና ሄዳ ከአንካሳው ጎን ተቀመጠች። «አዩ አጎቴ?» አለችኝ ሪሀና፣ ራሷ የዳረቻት ይመስል። አሁን ሳንቃው ገብቶ ሁለቱም ጥንድ በየቤቱ ነው።

ጊዜው ግን ጥሩ አይደለም እህቴ። በመንገዱ በኩል ተኩስ ይሰማል፤ ትምህርት ቤቱም አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ነው። በቀደም ሙሳ የሚባል የባቲ ግመል ነጋዴ ሳጥን ሊያዘኝ መጥቶ ወፎቹን አይቶ ተደነቀ። ሪሀና ውሃ ስትቀይርላቸው ነበርና «የማን ልጅ ናት?» አለኝ። የወንድሜ ናት አልኩት። ጨዋ ሰው ነው።

አላህ ያገናኘን።
ረጀብ


ሻርጃ፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሽ ረጀብ።

አሰላሙ ዐለይኩም። የላኩት ደብዳቤ ሲደርሰኝ ስለ ሙአዚኑ አንብቤ ብቻዬን ስቄ፣ ማዳም አበደች ብላ መጥታ አየችኝ። እጅዎን አላህ ይባርከው።

መጨረሻውን ሳነብ ግን ሳቄ ተወኝ። ያ ሙሳ ያሉት ሰው የጠየቀዎት ስለ ወፍ ነው ስለ ልጅ? እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ አለና ጋሽ ረጀብ፣ ይጠንቀቁልኝ። ሳጥኑን ሠርተው ይስጡትና ይሂድ።

ነጠብጣቧ እንቁላል ስትጥል አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ እጅ እዚያ ሳጥን ውስጥ አይግባ። እሷና አንካሳው ተራ ገብተው ይታቀፋሉ። ማየት ካማራችሁ ከሩቅ ነው። ከነካካችሁባት ትታው ትወጣለች። ይህን ለሪሀና መንገር አያስፈልገኝም፣ ለአንቱ ነው።

አንድ ነገር ቅር ብሎኛል። ሪሀና ራሷ ሦስት መስመር ትጻፍልኝ። የእጇን ጽሑፍ ልየው።

አላህ ከክፉ ይጠብቃችሁ።
ሰዒዳ


ከሚሴ፣ መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰዒዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም፣ ረመዳን ሙባረክ። ጾሙን ተቀባይ ያድርግልን። መልሱ ስለዘገየ አፉ በይኝ፤ የሚሄድ ሰው ጠፋ፣ ሥራም በዛብኝ፣ ስልኬም ወድቆ ተሰበረ። ሁላችንም ደህና ነን። ሪሀና ፈተና ላይ ስለሆነች ለመጻፍ ጊዜ አላገኘችም፣ ሰላም ብላሻለች።

ወፎቹ እንዲህ ናቸው ልበልሽ እንጂ። ነጠብጣቧ አምስት እንቁላል ጥላልሻለች፣ ነጭ፣ እንደ ባቄላ። እንዳይቆሽሹ ብዬ ጠዋት ጠዋት አውጥቼ በጨርቅ እወለውላቸዋለሁ። አንካሳው ሰነፍ ሆኖ አገኘሁትና ሳንቃውን መዝዤ ትልቁን ሰጠኋት፤ መቼም ቤት በጠንካራ ወንድ ነው የሚቆመው። ሙቀት እንዲያገኙም ሱቁ በር ላይ ፀሐይ ፊት ሰቅያቸዋለሁ። ነጠብጣቧ ግን ለጊዜው አልታቀፈችም። ጥግ ይዛ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ዝም አይነቅዝም ብዬ ትቻታለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። የሚመጣ ሰው ስታገኚ ነጭ ረጅም የሐር ቀሚስ፣ ቀጠን ላለ ሰው የሚሆን፣ ጥሩ ሂና፣ ጥሩ ዑድ ላኪልኝ። ለዒድ ዙቤይዳን ላለብሳት አስቤ ነው።

አላህ ሥራሽን ያቅልልሽ።
ረጀብ


ሻርጃ፣ መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረጀብ።

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታ የአላህ ነውና አልነፍግህም።

ልጄ የት ናት?

አንቱ ስልህ የኖርኩት አባቷን ስለምታስታውሰኝ ነበር። ዛሬ ግን አፌ እምቢ አለኝ። ሪሀና ቤት ብትኖር እንቁላሉን አውጥተህ ትወለውለው ነበር? «እጅዎ ቫርኒሽ ይሸታል» ብላ የከለከለችህ ልጅ እጅህን እዚያ ሳጥን ውስጥ እያየች ዝም ትላለች? ነጠብጣቧን ከአንካሳው ለይተህ ለትልቁ ስትሰጣት ሪሀና ምን አለች? ፀሐይ ላይ ስትሰቅላቸውስ? እኔ እነግርሃለሁ፣ ምንም አላለችም፤ እዚያ የለችም። እነዚያን ወፎች የሚያያቸው አንተ ነህ።

ቀሚሱም ይኸው ነው። ዙቤይዳን እኔ አላውቃትም? ቀጠን ላለ ሰው የተሰፋ ቀሚስ የዙቤይዳን አንድ ክንድ አያስገባም። ሂና፣ ዑድ፣ ነጭ ሐር! በእናትየዋ እጅ ልጇን ልታስሞሽራት? ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፣ ሁሉን ታውቃለህ ረጀብ።

ስደውል ያንተ ዝግ ነው፤ የዙቤይዳ ይጠራል፣ አይነሳም። ጀሚል «ወፎቹ ደህና ናቸው እትዬ» ብሎ ዘጋብኝ። ስለ ወፍ የጠየቀው ማን ነው? እዚህ የሰው እናት እያጠብኩ፣ የሰው ወፎች እያበላሁ የራሴን ልጅ የት እንዳለች ከወፍ ወሬ ላውቅ? ያ አላህ!

ፋቲሓ የቀራንበትን ቀን አስብና ጻፍልኝ። አታሳምረው።

ሰዒዳ


ከሚሴ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰዒዳ።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላህ። አንተ ብለሽኛል፤ ይገባኛል።

ሪሀና ባቲ ናት፣ ከሙሳ እናት ጋር። ኒካሑ በየካቲት ታስሯል። ሰርጉ ከአረፋ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሙሳ እናቱ ቤት አያድርም፣ ልጅሽ ልጅነቷ እንዳለ ነው። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽ።

አሁን ስሚኝ። በጥር መጨረሻ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ገብተው የሰው ልጅ ወሰዱ። የሪሀናን እኩያ። እነማን እንደሆኑ ዛሬም አልታወቀም፤ ልጅቷም አልተመለሰችም። እናትየዋ ስትጮህ ሁላችንም ሰምተናል፣ አንዳችንም አልወጣንም። እኔም አልወጣሁም ሰዒዳ። መጥረቢያዬን ይዤ ከበሩ ኋላ እንደቆምኩ ነጋ። በነጋታው ሪሀናን ባየኋት ቁጥር የማየው ያቺን ልጅ ሆነ። የፈሩት ይደርሳል ይባላልና እኔ ቤት ሳይደርስ ልቅደመው አልኩ። ሙሳ ሽማግሌ ልኮ ነበር። ግቢው ሰፊ ነው፣ ወንድሞች አሉት፣ ባቲ ይሻላል አሉኝ። ባል ያላትን ሴት ሰው ይፈራታል አልኩ።

ደግሞ ሳልጠይቃት አይደለም፤ ወላሂ ጠይቄያታለሁ። ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው እያለ እሷ ወፎቹ ጋ ነበረች። በሩ ላይ ቆሜ «ሪሀና፣ ሙሳ ጠይቆሻል፣ ምን ትያለሽ?» አልኳት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። የድንግል ልጅ ዝምታዋ ፈቃዷ ነው ተብሎ ተምረን የለ? ተመልሼ «እሺ ብላለች» አልኳቸው። ፋቲሓ ተቀራ።

ላንቺ ያልነገርኩት እምቢ እንደምትዪ ስለማውቅ ነው። ይህን ስጽፍ ዙቤይዳ አጠገቤ ታለቅሳለች። እሷ እንደሆነች ከየካቲት ጀምሮ አኩርፋኛለች።

እንቁላሎቹ አልተፈለፈሉም። ሸተቱ፣ ጣልኳቸው።

አፉ በይኝ።
ረጀብ


ሻርጃ፣ ሚያዝያ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ረጀብ።

አሰላሙ ዐለይኩም። አፉ የምልህም የማልልህም በኋላ ነው።

ፍርሃትህን አልንቅም። ያቺን ልጅ የወለደች እናት እኔም ልሆን እችል ነበር፤ ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ግን የተማርከውን ግማሹን ነው የያዝከው። ዝምታ ፈቃድ የሚሆነው አፏን ሐያእ፣ ዓይን አፋርነት፣ ሲይዘው ነው፤ ፍርሃት ሲይዘው ፈቃድ አይባልም። ሼኽ ጠይቅ። ደግሞስ የዚያችን ልጅ ዝምታ አንተ አታውቀውም? አባቷ የሞተ ዕለት ያለቀሰችው ማን ነው፣ እኔ ወይስ እሷ? እሷ አንድ ቃል አልወጣትም። ጎረቤቱ «እንዴት ጠንካራ ልጅ ናት» ሲል አንተ ነህ «ኧረ ልጅቷ ተጎድታለች» ብለህ ያቀፍካት። ያኔ የገባህ ነገር አሁን ምን ጋረደው?

ነጠብጣቧም ጥግ ይዛ ዝም ስትል ደስ ብሏት መሰለህ። የታመመች ወፍ ናት ዝም የምትለው።

የማዳም ልጅ ፓስፖርቴን እስከ ሰኔ አይሰጠኝም። ስለዚህ እኔ ልሄድበት የሚገባኝን መንገድ አንተ ትሄዳለህ። ሳንቃው እንዳለ፣ ወፎቹ እንዳሉ፣ ያንን ቤት ተሸክመህ ባቲ ውረድ። ፊቷ አስቀምጠው። ሙሳ ባለበት፣ እናቱ ባለችበት ጠይቃት። በር ላይ ቆመህ አይደለም፣ ተቀመጥ። ዝም ካለች አትተርጉምላት፣ ጠብቅ። «እሺ» ካለች በአፏ ትበለው፣ እኔም ቀሚሱን እልካለሁ። «እምቢ» ካለች ወሊይዋ ነህና ወሊይ ሁንላት።

ሰዒዳ


ከሚሴ፣ ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሰዒዳ፣ ለሪሀና እናት።

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ከዚህ የተሻለ ወሬ የምጽፍበትን ቀን ያምጣልኝ።

ባቲ ወረድኩ። ጀሚል በሚኒባሱ ወሰደኝ፤ የወፎቹን ቤት በእኔና በጎኔ በተቀመጡት ጭን ላይ አጋድሜ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሳቀብኝ። ረዳቱ «ወፎቹ ወንበር ይዘዋል» ይላል። እኔ የምስቅበት ጥርስ አልነበረኝም።

የሙሳ እናት ልጆቿን ሁሉ ጠርታ ተቀበለችን፤ ሰርጉን ልነጋገር የመጣሁ መስሏቸዋል። ቤቱን ምንጣፉ ላይ አስቀመጥኩት። ሪሀና ከጓዳ ወጣች። ከስታለች ሰዒዳ፣ አልደብቅሽም። እኔን አላየችኝም፤ ወፎቹ ፊት ቁጢጥ አለችና «አንካሳው የት አለ?» አለች። ከሳንቃው ማዶ አልኳት። እጇን ሰደደችና ሳንቃውን መዘዘችው።

ከዚያ ጠየቅኋት። «ሪሀና፣ ያን ጊዜ በር ላይ ቆሜ ጠይቄሽ ነበር። ዛሬ ተቀምጬ ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት። ሙሳን ትፈልጊዋለሽ?» ዝም። የሙሳ እናት «ይኸው፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ልጅ እንዲህ ናት» አለች። «ቆዩ» አልኳት። የከሰዓቱ፣ የዐስር፣ አዛን ተባለ፣ አለቀ። ሰው ሁሉ ለሶላት ሊነሳ ቁጭ ብድግ ይላል፤ እኔ አልተነሳሁም። አይኔን ከእሷ አላነሳሁም።

ያኔ ቀና ብላ አየችኝ። «ያን ጊዜም ቢጠብቁኝ ኖሮ እነግርዎት ነበር» አለችኝ። ቀጠለችና «አልፈልግም። ትምህርቴን ነው የምፈልገው» አለች።

ሰዒዳ፣ በዚህ ዕድሜዬ እንዲህ ያለ ነገር አልሰማሁም። ብጠብቃት ትነግረኝ ነበር! ሽማግሌዎቹ ሻይ ጠጥተው ሳይጨርሱ ይበቃ ነበር። ሰው ፊት አለቀስኩ።

ሙሳ ተነስቶ ቆመ። ይመታኛል ብዬ ነበር፣ ቢመታኝም ልክ ነበር። «ለእኔ እሺ ብላለች ነው የተባልኩት» አለ። «እምቢ ያለችን ሴት በሬ አላስገባም።» ሼኽ ተጠርቶ እዚያው ፈታት። እናቱ ግን የእርግማን ዓይነት አወረደችብኝ፤ ልጄን መሳቂያ አደረግኸው አለችኝ። እውነቷን ነው። ሙሳ ክፉ ሰው አልነበረም። ያታለልኩት እሱንም ነው።

መጥተናል። እዚህም ወሬው ቀድሞን ደርሷል። በአሥራ ስድስት ዓመቷ ፈት ይሏታል። ይህን ስም ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ ከሰው አፍ ሲወጣ በሰማሁ ቁጥር እንደ ሚስማር ይገባብኛል። ተኩሱም አልቆመም። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት እኔ አደርሳታለሁ፣ እኔ አመጣታለሁ። ቀድማኝ ትሄዳለች፤ አታናግረኝም። ፍራሼን ከበሩ ሥር አንጥፌያለሁ። መጥረቢያው ያው አጠገቤ ነው፤ ፍርሃቴም ያው ነው፣ ግን በዚህ በኩል ሳያልፉኝ አይገቡም።

የጠየቅሽውን ሦስት መስመር ጽፋልሻለች። አጥፋ ስትሰጠኝ እንዳላነበው ፈርታ አየችኝ። እዚያው ፊቷ ሳልገልጠው በሙጫ ለጠፍኩት። ይኸው ነው።

ለአረፋ ዱዓሽ ውስጥ ብታስገቢኝ።
ረጀብ


እማ፣ ደህና ነኝ አልልሽም። አጎቴን አላናግራቸውም፣ ሻያቸውን ግን በሩ ሥር አስቀምጥላቸዋለሁ።
ነጠብጣቧ ከአንካሳው ተጠግታ ትውላለች፤ እንቁላል የለም፣ እኔም አልቸኮልኩባትም።
ቶሎ ነይ። እስክትመጪ ወፎቹን የማያቸው እኔ ነኝ።
ሪሀና